ዓይን ያወጣ ውሸት ባይሆንም፦ ስለ ዓይን ሌንስ አፈጣጠር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ላኩልኝ። ዓይን በእናት ማህፀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያወራ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ በአማርኛ ስለ ሽል የሚጽፍ ሰው ስንት አለ? ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሻዩ ሳያልቅ ደስታዬ አለቀ።

ነገሩ ዓይን ያወጣ ውሸት አይደለም። ግማሹ ከድሮ መማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ሌንስ እንደ ሬቲና (በዓይን ጀርባ ብርሃን እንደሚቀበለው ሽፋን) ሁሉ ከአንጎል የሚበቅል ነው ይላሉ። ወረድ ብለው ደግሞ አንጎል ቆዳን በነካበት ቦታ ሁሉ «ሌንስ ሁን» ብሎ ያዝዛል ይላሉ። እንደ እሳቸው ትእዛዙ ያለው ፓክስ 6 የሚባል አንድ ጂን ውስጥ ነው። ሌንስ አንዴ ከተሠራ በኋላ የሞተ መስታወት ነው፣ ብርሃን ከማሳለፍ ሌላ ሥራ የለውም። አንዳንድ እንስሳት ሌንሳቸውን መልሰው ስለሚያበቅሉ እኛም «በተፈጥሯዊ ጠብታ» ማብቀል እንችላለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሕፃን የዓይን ሞራ (የነጣ ሌንስ) ይዞ ከተወለደ፣ እናትየው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ያደረገችው ነገር አለ ይላሉ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪ እያለሁ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የጫጩት ሽል ላይ አቀርቅሬ ስለኖርኩ፣ ይቺን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ገደለው ልግባ። ሬቲና የአንጎል ልጅ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ሌንስ ግን የቆዳ ወገን ነው። ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ሄዶ በዓይን ማየት ይቻላል።

አውራ ካለበት ቤት የተገኘ፣ ጫጩት ሊሆን የሚችል እንቁላል ታመጣላችሁ። በ38 ዲግሪ ገደማ ማሞቂያ ውስጥ በጎኑ አስተኝታችሁ ሁለት ቀን ተኩል ትተዉታላችሁ። ከዚያ በመርፌ ከነጩ ላይ ትንሽ ትቀንሳላችሁ፤ ሽሉ ዝቅ ብሎ ከቅርፊቱ እንዲርቅ ነው። ከላይ በኩል በትንሽ መቀስ መስኮት ትከፍታላችሁ። አስኳሉ ላይ የተኛ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ታያላችሁ። ልቡ ይመታል። በግራ ጎኑ ስለሚተኛ ወደ እናንተ የዞረው ቀኝ ዓይኑ ነው። ዓይኑ ገና ጥቁር ቀለም አልያዘም፤ በማጉያ ስታዩት ውስጡ እንደ ብርጭቆ ያሳያል። መሃሉ ላይ አንዲት ቀጭን ቀለበት አለች። ሌንስ የምትሆነው እሷ ናት። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ለካ ትንፋሼን ይዤ ኖሯል፣ የማጉያውን መስታወት ጉም ያለበሰው ትንፋሼ ስለቀው ነው።

ያቺ ቀለበት ከየት መጣች? ከአንድ ቀን ገደማ በፊት ብትከፍቱት ኖሮ ከፊተኛው አንጎል ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢቶች ተነፍተው ወደ ውጭ ሲገፉ ታዩ ነበር። ከረጢቱ ሄዶ ሄዶ የሽሉን ውጫዊ ሽፋን ይነካል፤ ወደፊት ቆዳ የሚሆነውን ማለት ነው። በነካበት ቦታ የሽፋኑ ሕዋሳት ይጨናነቁና ይረዝማሉ፣ ሽፋኑ ወፈር ይላል። ይህ ወፍራም ቦታ ፕላኮድ ይባላል። ከዚያ ሁለቱም አብረው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። ሁለት ስስ ሊጥ ደራርባችሁ በአውራ ጣት መሃሉን ስትጫኑት የሚሆነውን አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ ጣት የለም፣ ሕዋሳቱ ራሳቸው ጫፋቸውን እንደ ከረጢት አፍ እየሸበቡ ነው የሚታጠፉት። ከስር ያለው የአንጎል ከረጢት ባለ ሁለት ግድግዳ ሲኒ ይሆናል፤ ሬቲና እሱ ነው። ከላይ ያለው ቆዳ ጉድጓድ ይሆንና አፉን ገጥሞ፣ ከቆዳው ተበጥሶ፣ ሲኒው አፍ ላይ የተቀመጠች ባዶ ኳስ ይሆናል። ሌንስ ይቺ ናት። ከላይ የቀረው ቆዳ ተመልሶ ይዘጋና የኮርኒያ (ጥርት ያለው የዓይን የፊት ክፍል) የፊት ሽፋን ይሆናል።

በሰው ሽል ላይም ያው ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ይለያል። በ22ኛው ቀን አካባቢ የዓይን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ በአራተኛው ሳምንት ማብቂያ ከረጢቱ ቆዳውን ይነካል፤ በአምስተኛው ሳምንት ኳሷ ከቆዳው ትላቀቃለች። ይቺን የቀን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። አንጎልም ቆዳም መነሻቸው አንድ የሽል ንብርብር ነው፤ ስለዚህ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ግን ሌንስ መሠራት በሚጀምርበት ሰዓት ሁለቱ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ አንዱ ቱቦ ሆኖ ውስጥ ገብቷል፣ ሌላው ውጭ ቀርቷል። ደግሞስ ሌንስ ከአንጎል የሚበቅል ከሆነ፣ አንጎል ቆዳን የሚያዘው ለምንድን ነው? በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ብለዋል። አልሸሹም ዞር አሉ።

የትእዛዙ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም ይሄ የሳቸው ብቻ ስህተት አይደለም፤ እኔም ለዓመታት ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ያስተማርኩት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1901 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ሃንስ ሽፔማን የተባለ ጀርመናዊ የእንቁራሪት ሽል ወሰደ። ገና ዓይን ሳይወጣ፣ ሬቲና የሚሆነውን ቦታ በጋለ መርፌ አጠፋው። ሽሉ አደገ። በዚያ በኩል ሬቲና የለም፤ ሌንስም የለም። ሌንስ ሊሆን የነበረው ቆዳ ግን ከላይ እንዳለ ነው። በ1904 ደግሞ አሜሪካዊው ዋረን ሉዊስ የአንጎሉን ከረጢት ነቅሎ ሌላ ቦታ ቆዳ ሥር ቀበረው፤ እዚያም ሌንስ ወጣ። በቃ፣ አዛዥ አለ፣ ታዛዥ አለ። ንጹሕ ታሪክ ነው፤ ፈተና ላይ ለማውጣትም ይመቻል።

ግን ከጅምሩም ንጹሕ አልነበረም። በ1903 ሜንትስል የተባለ ተመራማሪ የአንጎል ከረጢት ያልወጣለት፣ በሁለቱም በኩል ግን ሌንስ የሠራ የሳልሞን አሳ ሽል አገኘ። በ1905 ሔለን ዲን ኪንግ በሌላ የእንቁራሪት ዝርያ ከረጢቱን አጥፍታ ሌንስ ሲወጣ አየች። ሽፔማን ራሱም ቆየት ብሎ የሚበላውን የአውሮፓ እንቁራሪት ሲሞክር ሌንሱ ያለ ሬቲና ወጣለት። እሱ ደግሞ ደብቆ አላስቀረውም፣ አሳተመው። መማሪያ መጻሕፍቱ ናቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው የቀሩት።

ጸሐፊው «በዚህ ግኝቱ ኖቤል ተሸለመ» ያሉትም ትክክል አይደለም። የ1935ቱ ሽልማት የመጣው ከሌላ ሥራ ነው፤ ከሒልደ ማንጎልድ ጋር ሆኖ በ1924 ባሳተመው፣ ከሽል ላይ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሌላ ሽል ላይ ሲተከል ሁለተኛ አካል እንደሚያስጀምር ባሳየው። ሙከራውን በእጇ የሠራችው እሷ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሞተች፣ ሽልማቱንም አላየችም።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። በ1966 አንቶን ጃኮብሰን ኒውት ላይ ያደረገውን ሥራ አሳተመ። ኒውት እንሽላሊት የሚመስል፣ ግን የእንቁራሪት ወገን የሆነ የውሃ እንስሳ ነው። ጃኮብሰን ያሳየው ሌንስ የሚሆነው ቆዳ ሬቲናን ከማግኘቱ ቀደም ብሎ ከሌሎች ጋር ጎረቤት ሆኖ እንደሚቆይ ነው። በመጀመሪያ ከስሩ የአንጀት መነሻ የሆነው ሽፋን አለ፤ ቀጥሎ የልብ መነሻ የሆነው ይመጣል፤ ሬቲና የመጨረሻው እንግዳ ነው። እያንዳንዱ ጎረቤት ቆዳውን ወደ ሌንስነት ትንሽ ይገፋዋል። በአንዳንድ ዝርያ ያለፉት ግፊያዎች ብቻቸውን ይበቃሉ፣ በአንዳንዱ ሬቲና ካልተጨመረ አይሞላም። የ1901 እና የ1905 ጠብ በዚህ ይታረቃል።

የሉዊስ ሙከራስ? በ1980ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ግሬንጀርና ባልደረቦቹ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያንኑ ሙከራ በአፍሪካዊቷ የዜኖፐስ እንቁራሪት ደገሙት። አንድ ብልሃት ጨመሩበት። ከረጢቱ የሚወሰድበትን ሽል ሕዋሳት በሙሉ ምልክት አደረጉባቸው። ውጤቱን ስታዩ ሳቅ ይመጣል፦ «በባዕድ ቆዳ የተሠራው» ሌንስ ከራሱ ከሰጪው ሽል የመጡ ሕዋሳት ነበሩ፤ ከረጢቱ ሲነቀል አብረው ተለጥፈው የሄዱ። በደንብ የጸዳ ከረጢት ያልተዘጋጀ ቆዳ ሥር ሲቀበር ሌንስ አይወጣም። በሉዊስ ዘመን ማን ከማን እንደመጣ ለይቶ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም፤ በሰውየው አልፈርድም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምሳሌ የጤፍ ማሳ ነው። ጤፍ ያልታረሰ መሬት ላይ በትነህ አይበቅልም። ደጋግመህ ታርሳለህ፣ ታለሰልሳለህ፣ ዘሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዘሩን ብቻ ያየ ሰው «ዘር ነው ሁሉን ያደረገው» ይላል።

ይህም ቢሆን ታሪኩን አልጨረሰውም። በ2006 የታተመ የጫጩት ሥራ ጥያቄውን ራሱን ገለበጠው። ወደፊት ጆሮ ወይም አፍንጫ ለመሆን የታጨውን የጭንቅላት ቆዳ በጊዜ ቆርጠው ለብቻው ሲያሳድጉት፣ ሌንስ ሆነ። አዎ፣ የጆሮው ቆዳ። ማንም ምንም ካላለው፣ በዚያ የጭንቅላት ቀበቶ ላይ ያለ ቆዳ ሁሉ መነሻው ወደ ሌንስ ነው። ስለዚህ «ማን ነው ሌንስ ሁን ያለው?» ከማለት ይልቅ «ሌላውን ቆዳ ሌንስ እንዳይሆን የከለከለው ማን ነው?» ማለት ይሻላል። ከከልካዮቹ ዋናዎቹ ከነርቭ ቱቦው (አንጎል ከሚሆነው) ጠርዝ ተነስተው በቆዳው ሥር የሚፈልሱ ሕዋሳት ናቸው። በደረሱበት ሁሉ የሌንስን ሐሳብ ያጠፋሉ። አንድ ቦታ ግን መግባት አይችሉም፤ የአንጎሉ ከረጢት ከቆዳው ጋር ተጣብቆ የያዘው ቦታ። ስለዚህ ከረጢቱ በከፊል ዘበኛ ነው ማለት ነው። ሽፔማን ዘበኛውን አቃጠለው፣ ከልካዮቹ ገቡ፣ ሌንስ ቀረ፤ እንዲህ ብሎ ማንበብም ይቻላል።

ዘበኛ ብቻም አይደለም፣ መልእክትም ይልካል። በ1998 የአይጥ ሽል ላይ ቢ.ኤም.ፒ 4 የሚባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ሲጠፋ፣ ከረጢቱ ቆዳውን እየነካው እንኳ ሌንስ አልተጀመረም። መልእክት አለ፤ አለቃ ግን የለም። እኔ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ጠብ በሙሉ በዚህች ውስጥ ነው።

ስለ ፓክስ 6 ደግሞ። ጸሐፊው የዝንቧን ሙከራ ጠቅሰዋል፤ እውነት ነው፣ በ1995 የቫልተር ጌሪንግ ቡድን ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ይህን ጂን በዝንብ እግርና ክንፍ ላይ ሲያስነሳው እዚያው ዓይን በቀለ። ፎቶውን ያየ አይረሳውም። ግን የዝንብ ዓይን ከአንጎል በወጣ ከረጢትና በቆዳ ኳስ አይሠራም፤ ከዝንብ እግር ተነስቶ የሰው ሽል ሌንስ ላይ መፍረድ መንገዱ ሩቅ ነው። እዚያው የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ዘንድ እንቆይ። በ2000 የታተመ የአይጥ ሥራ ላይ ፓክስ 6 ከቆዳው ሽፋን ብቻ ተወገደ፤ የአንጎሉ ከረጢት የራሱን ይዞ ቀረ። ሌንስ አልተሠራም። «ትእዛዙ» በአንጎሉ በኩል ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ተቀባዩ የራሱ ፓክስ 6 ስለሌለው አልሰማም። በሌላ በኩል በ1997 ራክስ የሚባለው ሌላ ጂን የጠፋባቸው አይጦች ከረጢቱን አላወጡም፤ ሌንስም አልሠሩም። አንዱን አለቃ ብለን ሌላውን ምን ልንለው ነው?

ፓክስ 6 ትልቅ ጂን ነው፣ ማንም አይክድም። ሰው ካሉት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽበት አይሪስ (በብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ቀለበት) የሌለው ወይም የጎደለው ዓይን ይዞ ይወለዳል፤ ኮርኒያውም ሌንሱም ይታወካሉ። ግን እዚሁ ላይ ልብ በሉ። አንድ ጤነኛ ቅጂ እያለ እንኳ ዓይኑ ይታወካል። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ እንዲህ አይሠራም፤ ልክ እንደ ጨው ነው፣ መጠኑ ወሳኝ ነው። ደግሞም ያው ጂን ጣፊያ አጠገብ ባለው ቆሽት ውስጥ፣ በአንጎልና በአፍንጫ ሥራ ላይም አለበት። «የዓይን ጂን» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል።

«የሞተ መስታወት» የሚለውን ሳነብ አሳ ትዝ አለኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሙሉ አሳ ሲጠበስላችሁ፣ ከዓይኑ ውስጥ የምትወጣ ነጭ ጠንካራ ኳስ አለች አይደል? ልጆች የሚጫወቱባት። ሌንሱ እሷ ናት። በሕይወት እያለ እንደ ጠብታ ውሃ የጠራች ነበረች፤ እሳት ሲነካት ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ፕሮቲኗ ተኮማትሮ ነጣ። በጥፍራችሁ ላጥ ላጥ አድርጓት፤ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ትላጣለች። ንብርብሮቹ ረጃጅም ሕዋሳት ናቸው። አዎ፣ ኒውክሊየሳቸውን (ጂኖቹ ያሉበትን የሕዋስ እምብርት) አፍርሰው አስወግደዋል፣ ብርሃን እንዳይበትንባቸው። ውስጣቸው ክሪስታሊን በሚባሉ ፕሮቲኖች ታጭቋል፤ የሰው ሌንስ ክብደት ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከክሪስታሊኖቹ አንዱ ወገን ሌሎቹ ፕሮቲኖች እንዳይኮማተሩ የሚደግፍ ነው። ሥራ የለውም የተባለው መስታወት ውስጥ ሌት ተቀን ጥገና አለ።

ደግሞም ሌንስ ስንወለድ አያልቅም። ዕድሜ ልክ ጠርዙ ላይ ያሉ ሕዋሳት እየተከፈሉ አዲስ ንብርብር ይደርባሉ፤ የድሮው አይወጣም፣ መሃል ላይ እየተጠቀለለ ይቀራል። እና አሁን ይቺን በምታነቡበት ዓይን መካከል ያለው ፍሬ ገና ሽል እያላችሁ የተሠራ ነው። በ2016 የግሪንላንድ ሻርክ ዕድሜ የታወቀው በዚህ ነው፤ የሌንሱን መሃል አውጥተው ካርበኑን ሲለኩ ትልቋ ሻርክ ቢያንስ 272 ዓመት እንደኖረች ደረሱበት። ሻርኳ ልደቷን ዓይኗ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር።

ሌንስ ጎረቤቶቹንስ ዝም ብሎ ነው የሚያየው? በ1963 ባልና ሚስቱ አልፍሬድና ጄን ኩሎምበር የአምስት ቀን ጫጩት ሽል ሌንስ አውጥተው ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጠው መለሱት። ወደ ውጭ የዞሩት ረጃጅም ሕዋሳት መርዘም አቆሙ፤ አሁን ከሬቲና ጋር የተፋጠጡት አጫጭሮቹ ደግሞ መርዘም ጀመሩ። ሌንሱ ራሱን ዳግም አቃና። ከኋላ ከሬቲና በኩል የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄዳል። ሜክሲኮ ውስጥ አንድ የአሳ ዝርያ አለ፤ ወንዝ ላይ የሚኖሩት ዓይናማ ናቸው፣ ዋሻ የገቡት ዕውር። የዋሻዎቹ ሽል መጀመሪያ ዓይን ይጀምራል፣ ሌንስም ይሠራል፤ ከዚያ የሌንሱ ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላሉ፣ ዓይኑም እየሟሸሸ ቆዳ ሥር ይቀበራል። በ2000 ያማሞቶና ጄፍሪ የወንዙን አሳ ሌንስ ዋሻው አሳ ሽል ላይ ተከሉ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ። አሳው ሲያድግ በአንድ በኩል ትልቅ ዓይን ከነኮርኒያው ከነአይሪሱ፣ በሌላው በኩል ድፍን ቆዳ። የዋሻውን ሌንስ ወንዙ አሳ ላይ ሲተክሉ ደግሞ ያ ዓይን ከሰመ። «ታዛዡ» ሲሞት ቤቱ በሙሉ ፈረሰ። ጸሐፊው ይቺን አንድ ሙከራ ብቻ ቢያውቁ ኖሮ ያንን የ«ሞተ መስታወት» አንቀጽ ባልጻፉት እላለሁ።

ጠብታው ጋ ስንደርስ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ኒውት ሌንሱን መልሶ ያበቅላል፤ ይህ ከ1890ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚያበቅለው ከአይሪሱ የላይኛ ጠርዝ ካሉ ባለ ቀለም ሕዋሳት ነው፤ ቀለማቸውን አራግፈው ሌንስ ይሆናሉ። በ2011 በታተመ የጃፓን ኒውቶች ሥራ በ16 ዓመት ውስጥ ሌንሳቸው 18 ጊዜ ወጥቶ 18 ጊዜ ተመልሷል፤ የመጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ጤነኛ ነበር። ድንቅ ነው! ግን እኛ ኒውት አይደለንም፤ የኛ አይሪስ ይህን አያደርግም። በ2016 ቻይና ውስጥ በ12 ሕፃናት ላይ የተሞከረ አዲስ ቀዶ ሕክምና ሌንስ መልሶ እንዳበቀለ ተዘግቧል፤ እሱም ቢሆን የሌንሱን ሽፋንና ሕዋሳት በጥንቃቄ አትርፎ ነው፣ በሕፃናት ነው፣ በቀዶ ሕክምና ነው። ከጠብታ ጋር አይገናኝም።

የነጣ ሌንስን የሚያጠራ ጠብታ ዛሬ የለም። የተጠበሰውን የአሳ ሌንስ የፈለጋችሁት ቅጠል ውስጥ ዘፍዝፉት፣ አይጠራም። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት (በፈረንጅ ከ2005 እስከ 2006) ዕውር ከሆኑት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ዕውርነት ነው። ጠብታ ገዝተው ሲጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

የመጨረሻው አንቀጽ። እዚህ ላይ ቀልዴን ልተው።

እኛ ሰፈር አንዲት እናት አለች። የመጀመሪያ ልጇ ሲወለድ ሁለቱም ብሌኖቹ መሃል ነጭ ነገር ነበር። ዘጠነኛ ወሯ ላይ ቀትር ፀሐይ ወጥተሽ ነው አሏት። ሌላዋ ከባድ ዕቃ አንስተሽ ነው አለቻት። ሌላዋ ያየሽው ነገር አለ አለቻት። ልጁ ታክሞ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፣ መነጽሩን አድርጎ ኳስ ያባርራል። እሷ ግን እስከዛሬ «ያኔ ባልወጣ ኖሮ» ትላለች። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዷ እሷ ናት። ያለ አንድ ቃል ነው የላከችው።

ቅድም ቀኖቹን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሌንስ ከቆዳው የሚላቀቀው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ሕዋሳት ኳሷን ይሞሏታል። ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን ገና መጠርጠሯ ነው። የሚታወቁት ምክንያቶችም ሌሎች ናቸው። አንዱ በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥ ነው፤ የክሪስታሊን ጂኖች ጭምር። ሌላው በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የሚይዝ ሩቤላ የሚባል ቫይረስ ነው። ይህን በ1941 ያስተዋለው ሲድኒ ያለ ኖርማን ግሬግ የሚባል የዓይን ሐኪም ነበር፤ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን መዘገበ፣ ከጥቂቶች በቀር የሁሉም እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ያ ሽፍታ ይዟቸው ነበር። ግሬግ እናቶቹን ሰማቸው እንጂ አልወቀሳቸውም። በብዙ ሕፃናት ላይ ደግሞ ምክንያቱ ጨርሶ አይገኝም። ቀትር ፀሐይ፣ ዕቃ ማንሳት፣ ያዩት ነገር፣ አንዱም ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የሚጠቅም ነገር መጻፍ ከተፈለገ ይሄ አለ፦ የሕፃን ብሌን መሃል ነጭ ከታየ፣ ወይም በፍላሽ ሲነሳ አንድ ዓይኑ ቀይ ሌላው ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ በዚያው ሳምንት ለዓይን ሐኪም ይታይ። የዓይን ሞራ ላይሆንም ይችላል፣ የባሰም አለ። የዓይን ሞራ ከሆነም የሕፃኑ አንጎል ማየትን የሚማረው በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ስለሆነ፣ ዘግይቶ የታከመ ዓይን በጊዜው እንደታከመው አያይም።

ጸሐፊው ሆይ፣ የሽፔማኑን ነገር ሲመቸዎ ያርሙት፤ እኔም እሱን ለማረም ዓመታት ፈጅቶብኛል። የእናቶቹን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡልኝ።